ታብ እንዳይነካ

በአንድ የኮምፒውተር ቁልፍ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ስናደድ ኖሬያለሁ። ሰው በአለቃው ይናደዳል፣ በመብራት መጥፋት ይናደዳል፣ በሚኒባስ ረዳት ይናደዳል። እኔ በእነዚህ ሁሉ ተናድጄ የተረፈኝን ንዴት በታብ ላይ አዋልኩት።

መርሳ ውስጥ የገበሬዎችን የመሬት ሰነድ የሚይዝ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ አድርጎ ሲቀጥረኝ ርክክቡ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሥራውን ለቆ ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ጥገና ሱቅ ከፍቶ ስለነበር ለርክክቡ ብቻ ተጠርቶ መጣ። ወረቀቱ በተራ ቁጥር የተደረደረ ነው። ወንበር አንድ፣ እግሩ የላላ። የበር ቁልፍ ሁለት፣ አንዱ የማይከፍት። ሰርቨር አንድ፣ የሚሠራ። ሰነዱ ሁሉ የሚቀመጥበትን ይህን ሰርቨር ወደ ሌላ ጠረጴዛ ለማዛወር ከኃላፊው ጋር ሆነን ስናነሳው ወገቤን ይዤ ቀርቻለሁ። ዝርዝሩ እንዲህ እያለ ወረደና ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ደረስን፦ «የአስተዳዳሪው አካውንት ላይ ታብ አይሠራም። እንዳይነካ።»

ስለ ቸኮልኩ ፈረምኩ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሰርቨሩ በማውዝ እየጠቆሙ የሚያዙት ዓይነት አይደለም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዙን በጽሑፍ ይቀበላል። ፋይል ስትፈልግ ስሙን ከነመንገዱ አንድም ፊደል ሳታዛንፍ መጻፍ አለብህ። ታብ የሚባለው ቁልፍ የዚህ ሥራ እፎይታ ነው፤ የስሙን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ፊደል ጽፈህ ስትጫነው ቀሪውን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላልሃል። ተራው አካውንት ላይ በደንብ ይሠራል። ሰነዶቹን መክፈት የሚችለው ግን የአስተዳዳሪው አካውንት ብቻ ነው፤ እዚያ ታብን ስትጫን ባዶ ቦታ ትቶልህ ዝም ይላል። ቅድም የጻፍኩትን ልመልስ ብለህ የላዩን ቀስት ብትጫን ደግሞ የማይነበብ ምልክት ይተፋብሃል።

የፋይሎቹን ስም ያወጣው ያው የስልክ ጠጋኙ ነው። ቀበሌው፣ ጎጡ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የባለይዞታው ስም ከነአባት ከነአያት፣ ሐጂ ከሆኑ ሐጂ፣ ሸህ ከሆኑ ሸህ፤ ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ተያይዞ ተጽፏል። አንዷን ፊደል ስስት «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይለኛል፤ ከሀ እጀምራለሁ። የስሙን ቀሪ ፊደላት በኮከብ ምልክት ተክቶ ማሳጠር ይቻላል የሚለኝ ባለሙያ አይጠፋም። ይቻላል። ግን ሦስት ሰው በአንድ ስም በሚጠራበት ቀበሌ ኮከቧ ሦስቱንም ጎትታ ታመጣቸዋለች። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ጣቴን ያያሉ። አንዱ ከውርጌሳ የመጡ ሰውዬ አንድ ቀን፣ «ኮምፒውተር ፈጣን ነው ሲሉ ነበር፤ ድሮ በመዝገብ ጊዜ እኮ እስካሁን ቤቴ ገብቼ ነበር» አሉኝ።

ስልክ ጠጋኙ ጋ ደወልኩ።

«ታብ ለምንድን ነው የማይሠራው?»

«ርክክቡ ላይ ተጽፏል።»

«መጻፉንማ አይቻለሁ። ለምን ብዬ ነው የምጠይቅህ።»

«እንዳይነካ ነው እኅቴ። አይነካ ብያለሁ፣ አይነካ» ብሎ ዘጋው።

ኃላፊዬ ጋ ገባሁ። መሳቢያውን ከፍቶ የርክክቡን ወረቀት አወጣና ፊርማዬን በጣቱ አሳየኝ። «ፈርመሽ ነው የተረከብሽው። ይቀየር ካልሽ በደብዳቤ ጠይቂ።» ጠየቅኩ። መልሱ ከሦስት ወር በኋላ ማኅተም ተመቶበት መጣ፦ «በነበረበት እንዲቀጥል።» እኛ ጋ እንዳይነካ የተባለ ነገር እንዲህ ነው። ማን እንዳለው፣ ለምን እንዳለው አይጠየቅም። ኮሪደሩ ላይ «አይነካም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፎቶ ኮፒ ማሽን አለ፤ ወረቀቱን ማን እንደለጠፈው የሚያውቅ የለም፣ ማሽኑንም የነካው የለም። ይሠራም ይሆናል እኮ!

አንድ ሰኞ ጠዋት የድሮው ዘበኛችን መጡ። እኔ ስቀጠር ጡረታ ወጥተው ስለነበር በስም እንጂ በመልክ አላውቃቸውም፤ በስም ግን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ጦርነቱ መጥቶ ቢሮዎች ሲዘረፉና ወረቀቱ ሁሉ ሲቃጠል ሰርቨሩን ያተረፉት እሳቸው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ ሸሽቶ ሲያልቅ ለብቻቸው አንስተው አህያ ላይ ጭነው፣ በማሽላ አገዳ ሸፍነው፣ ግራና አካባቢ ካለው ቤታቸው ወስደው እህል ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ነገሩ ሲያልፍ አውጥተው፣ አራግፈው፣ መለሱት። የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷቸዋል፤ እሱም ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ደህና ነኝ አባባ። ምን ልታዘዝ?»

ጉዳያቸው አጭር ነበር። መስኖ የሚገባባት አንዲት ማሳ አለቻቸው፤ ያለችውም እሷው ናት። በሰሜን በኩል የሚያዋስናቸው ጎረቤታቸው የመሬት ደብተራቸው መጥፋቱን ሲሰማ ማሳዋን እንዳለ አርሶ ሽንኩርት ተከለባት፤ የኔ ናት አለ። ተካሰሱ። ፍርድ ቤቱ ማስረጃ አምጡ ብሎ ለሚቀጥለው ሰኞ ቀጥሯል።

«ደብተርዎ እንዴት ጠፋ?» አልኳቸው።

«ጉድጓዷ አልበቃ አለችኛ። ሳጥኔ እሷ ውስጥ ነበር። ያቺ ብረታችሁ ስትመጣ ሁለቱን አልይዝም አለች። የኔው የኔ ነው፣ ይቺ ግን አደራ ናት ብዬ ሳጥኔን አወጣሁት። ቤቱ ሲቃጠል ሳጥኑም አብሮ ሄደ።» ይህን ሲሉ ሰው ዣንጥላውን የት እንደረሳ እንደሚናገር ነበር።

ሰኞን ሙሉ ፋይላቸውን ሳሳድድ ዋልኩ። የግራና ሰነዶች በተከማቹበት አቃፊ ውስጥ ስማቸው በዝርዝሩ ይታየኛል፤ በእሳቸው ስም ሌሎች ሁለት ሰዎችም አሉ። አንዱን ስጽፍ ፊደል ይጎድላል፣ ሌላውን ስጽፍ የመዝገቡ ቁጥር ይዛባል። አራተኛው ላይ ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ። አዛውንቱ «አብሽሪ ልጄ» ብለው አጽናንተውኝ ተነሡ። የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው ይህን ዕቃ በጉልበታቸው ያተረፉ ናቸው፤ እኔ አንድ ምክንያቱ የማይታወቅ «እንዳይነካ» ይዤ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ማንንም ሳልጠይቅ ነካሁት። ሥራው ራሱ ያበሳጫል፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለአስተዳዳሪው የተመደበው ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም አሮጌው ነበር፤ ተራው አካውንት በሚጠቀምበት ቀየርኩት። ከዚያ ቅንብሩ የሚቀመጥበትን ፋይል ከፍቼ፣ ፊታቸው ላይ የሃሽ (#) ምልክት ተደርጎ እንዳይነበቡ የታገዱትን ጥቂት መስመሮች ምልክቱን አነሣሁላቸው። ከአካውንቱ ወጥቼ መልሼ ገባሁ። ሁለት ፊደል ጽፌ ታብን ተጫንኩ፤ ስሙ ተሞላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ነበር! ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ በንዴትም በደስታም።

የአዛውንቱን ፋይል ወዲያው አገኘሁት። ፎቷቸው፣ ስማቸው፣ የመዝገብ ቁጥራቸው፣ ከታች አራቱ አዋሳኞች። እጄ ስልክ ላይ ሄደ።

«አባባ፣ ተገኘ!»

«አልሐምዱሊላህ! እስቲ አንብቢልኝ።»

«በምሥራቅ የመስኖ ቦይ። በምዕራብ መንገድ። በደቡብ የአንዲት ባልቴት ማሳ። በሰሜን…»

«ሄሎ? ሄሎ ልጄ፣ ጠፋሽብኝ።»

«ነገ ይምጡ፣ አትሜ ማኅተም አስመትቼ እሰጥዎታለሁ፤ ራስዎ ያዩታል» አልኩና ዘጋሁ።

ላትም ስል ዲስኩ ሞልቷል፣ ቦታ የለም አለኝ። ምን ላንሣ ብዬ ሳይ «ግራና» ከሚለው አቃፊ ጎን «ግራና ድጋሚ» የሚል ሌላ አለ፤ ከፍቼ አየሁት፤ ተጀምሮ የተተወ፣ ግማሽ የማይሞላ ቅጂ ነው። እሱ ይሂድ አልኩ። የመሰረዣውን ትእዛዝ ጻፍኩ፣ የግራናን መጀመሪያ ሁለት ፊደል ጻፍኩ፣ ታብን ተጫንኩ። ስሙ ቶሎ ብሎ ተሞላ፤ የተሞላም መሰለኝ። አስገባ የሚለውን ቁልፍ መታሁት።

ታብ ሁለት ስሞች በአንድ ዓይነት ፊደል ሲጀምሩ የሚመሳሰሉበት ድረስ ሞልቶ ይቆማል፤ የትኛውን ነው ብሎ አንተን ይጠብቃል። የሚመሳሰሉት «ግራና» እስከሚለው ነበር። «ግራና» ደግሞ ራሱን የቻለ ሙሉ ስም ነው። ታብ ቆሞ ሲጠብቀኝ እኔ የጨረሰልኝ መሰለኝ። ሰርቨሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ የአስተዳዳሪ አካውንት ነውና የታዘዘውን ይፈጽማል። ዝርዝሩን ሳወጣ «ግራና ድጋሚ» ብቻውን ቆሟል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልሆነም። የአዛውንቱ ቁጥር ካልተቀዳው ግማሽ ውስጥ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዝበት ዲስክ ቢሮው ሲዘረፍ ሄዷል፤ ሌላ ይገዛልን የሚለው ደብዳቤዬ አሁንም መልስ እየጠበቀ ነው።

ሰርቨሩን አጠፋሁ፣ ዲስኩን ፈትቼ በፎጣ ጠቀለልኩና ወልድያ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ ቦርሳሽን ከላይ እንጫነው ሲለኝ ጮህኩበት። ስልክ ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ አንድ ስልክ በትንሽ ብሎን መፍቻ ፈትቶ ይጎረጉራል። ፊቴን ሲያይ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ታብን ነካሽው» አለ።

«ነካሁት።»

«ግራናን?»

በምን አወቅህ ልለው አፌን ስከፍት ራሱ ነገረኝ። ያኔ እሱም አንድ የማይፈለግ አቃፊ ሲሰርዝ ታብን አምኖ ያንኑ ግራናን አጥፍቶታል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ስላልተቃጠለ ለማንም ሳይናገር ሁለት ወር ሙሉ ወረቀቶቹን እንደገና ስካን ሲያደርግ ከረመ። መጀመሪያ ያስገባቸውን «ግራና ድጋሚ» አለው፤ በኋላ ወደ ዋናው ገልብጦ እዚያው ጨረሰው። ሲጨርስ ታብን አጠፋና ተራ ቁጥር አሥራ አራትን ጻፈ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ደውዬ ጠይቄህ ነበር እኮ!»

«ነግሬሻለሁ። እንዳይነካ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ምን እንደሆነ አልጻፍክም!»

«ሰረዝኩ ብዬ ልጻፍ? አንቺ ብትሆኚ ትጽፊ ነበር?»

ልሰድበው ፈልጌ ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ በልቤ ሳቀናብር የነበረው ዓረፍተ ነገር «በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት» ብሎ የሚጀምር ነበርና ተውኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ይኼው ፍርሃቱን በርክክብ ወርሼዋለሁ።

እስከ አመሻሹ ድረስ ሁለታችን ዲስኩ ላይ ስንቆፍር ዋልን። የተሰረዘን የሚያስመልስ ፕሮግራም ነበረው። ብጥስጣሽ ሥዕል እየወጣ ነበር፤ የአንዱ ማኅተም፣ የሌላው ግማሽ ስም። የአዛውንቱም ወጣ። ከላይ ሦስት ጣት ያህሉ ተርፏል፦ ፎቷቸውና ስማቸው። ከዚያ በታች አዋሳኞቹ የነበሩበት ሁሉ ግራጫ ነው። ደጋግመን ሞከርነው። ያው ግራጫ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አጥበው መጡ። ወረቀቱን የሚይዙበት ላስቲክ ከቤት ይዘው ነበር። ቁጭ ካሉ በኋላ ነገርኳቸው፤ ሳላድበሰብስ፣ «እኔ ነኝ በእጄ የሰረዝኩት» ብዬ። የወጣችውን ቁራጭ ሰጠኋቸው። ፎቷቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ትላንት ስታነቢልኝ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ወላሂ እኔ አልገባኝም» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ወረቀት በእሳት ነደደ ሲሉ ይገባኛል። እሳት አይቻለሁ። ያቺን ብረት ግን ከእሳት አውጥቼ ነው የሰጠኋችሁ። በሰላም አገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማን ነካት? ታዲያ እኔ ያን ሁሉ መሸከሜ ለምን ነበር?»

አለቀስኩ፤ ማልቀሴም አናደደኝ፤ የተበደሉት እሳቸው ናቸውና። ላስቲካቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ኃላፊዬ ለፍርድ ቤቱ የሚሄደውን ደብዳቤ ራሱ አርቅቆ ጠበቀኝ፦ «ሰነዱ በቴክኒክ ችግር ምክንያት ሊገኝ አልቻለም።» ሊጠብቀኝ ፈልጎ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይህ ደብዳቤ ለአዛውንቱ ምንም አይሠራም፤ ሊገኝ ያልቻለ ሰነድ ከነጭራሹም ያልነበረ ሊሆን ይችላል። ሰነዱ እንደነበረና ምን እንደሚል የሚያውቀው ያየው ሰው ነው፤ ያየሁት ደግሞ ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

«አይቼዋለሁ፣ አንብቤዋለሁ፣ ከዚያ በስህተቴ ሰርዤዋለሁ ተብሎ ይጻፍ» አልኩት።

«አብደሻል? በገዛ እጅሽ? በማይነካው ነገር?»

«አዎ፣ በማይነካው ነገር።»

መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አያወጣም አለ። እኔ በስሜ ጽፌ ፈረምኩ፤ ሰኞ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ።

ዳኛዋ ወጣት ናቸው፤ ታብ ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስረዱኝ አሉ። ከዚያ አዋሳኞቹን ጠየቁኝ። ምሥራቅ፣ የመስኖ ቦይ። ምዕራብ፣ መንገድ። ደቡብ፣ የባልቴት ማሳ። ጎረቤትየው አንገቱን ደፋ፤ መሬቷ በሙሉ የኔ ናት ያለው ነገር እዚያ ላይ አበቃ።

«ሰሜንስ?»

አሁን የቀረው ክርክር ሰሜኑ ነው። አዛውንቱ ወሰኔ ዋርካው ነው ይላሉ፤ ጎረቤቱ ከዋርካው ወዲህ ያለው የድንጋይ ካብ ነው ይላል። በመካከሉ አንድ ጥማድ በሬ ሊዞርበት የሚችል ስፋት ያለው ቦታ አለ። ያን ጠዋት በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ግን ታብ ሠራልኝ ብዬ በደስታ ስከፋፍት ሌሎች አምስት ስድስት ሰነዶችም አንብቤ ነበር፤ ካብ የሚል ቃልም ዋርካ የሚል ቃልም አይቻለሁ። የትኛው የማን እንደሆነ ተቀላቅሎብኛል። አዛውንቱ አዩኝ። ዋርካ በይ አላሉኝም፤ ማየት ብቻ ነበር።

«ሰሜኑን አላስታውስም» አልኩ፤ ምያለሁና።

ፍርድ ቤቱ ሽማግሌዎችና ቀያሽ ላከ። ማሳዋ ለአዛውንቱ ተመለሰች። የሰሜኑን ግን ሽማግሌዎቹ በዋርካውና በካቡ መካከል እኩል ከፈሉት። የእሳቸው ከነበረ ግማሹ በእኔ ጣት ሄደ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ አልበዛብኝም።

ታብን መልሼ አላጠፋሁትም። ኃላፊዬ ይጥፋና እንዳይነካ ተብሎ ይጻፍ ቢልም ተራ ቁጥር አሥራ አራትን ሰረዝኩና ከጎኑ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦ «ታብ ይሠራል። የግራናን ሰነዶች የሰረዝኩት እሱን ተጭኜ መስመሩን ሳላነብ ነው። አስገባን ከመጫንህ በፊት አንብብ።» ስሜንና ፊርማዬን አኖርኩ። ስልክ ጠጋኙ ሲሰማ ደውሎ፣ «የኔን ግን አልጻፍሽም አይደል?» አለኝ። አልጻፍኩም። እሱ መጥቶ ይጻፍ።

አዛውንቱን ውሳኔው ከተነበበ በኋላ ደጁ ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ትንሽ አሰቡ።

«ያቺ ብረት አሁንም እናንተ ዘንድ ናት?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲህ አላህ አያምጣው እንጂ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ከእንግዲህ እኔን አትጠብቁ። አንቺ ትሸከሚያታለሽ።»

«እሺ» አልኳቸው። ሰርቨሩን ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው። እሳቸው ያን ቀን ብቻቸውን ነበሩ።